ቡሄ ኦሽን ሲቲ ላይ ይውልብናል፣ ዳቦውን እዛው ልጋግር ወይስ ጋግሬ ልውሰድ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ
ሰላም ቤቶች እንዴት ናችሁ፣ ዘንድሮ ከባለቤቴ እህት ቤተሰብ ጋር ተሰባስበን ሜሪላንድ ኦሽን ሲቲ ቤት ተከራይተናል፣ ለሁላችንም የተመቸን ሳምንት ደግሞ ኦገስት መሃል ያለው ሆነና ቡሄ፣ ኦገስት 19 ማለት ነው፣ እዛው ባሕር ዳር ይውልብናል። ልጆቹ ሆያ ሆዬን ከዩቲዩብ ሸምድደው ጨርሰዋል፣ የፈረንጁ ጎረቤት በር ላይ ሳይቀር ካልጨፈርን እያሉ ነው። እንግዲህ ሙልሙል የሌለበት ቡሄ ምኑን ቡሄ ሆነ፣ ደግሞ አማቴም አብረውን ናቸው፣ እሳቸው ፊት የሱቅ ዳቦ ማቅረቡ አይሆንልኝም 😅

ጥያቄዬ፣ እቤት ጋግሬ ይዤ ልሂድ ወይስ እዛው ልጋግር? መንገዱ ትራፊክ ከሌለ ወደ 3 ሰዓት ነው ግን ቤይ ብሪጅ የሚሉት ድልድይ በሰመር ቅዳሜ እንዴት እንደሚጨናነቅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዛው ልጋግር ካልኩ ደግሞ የማላውቀው ኦቨን ነው፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ሊጡን ምን እንደሚያደርግብኝ እንጃ። ፍልሰታ ስለሆነ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላል የለም። አንድ ድፎም ብደፋ ደስ ይለኛል፣ ኮባ ከየት እንደማመጣ ግን አላውቅም። ባሕር ዳር ጋግራችሁ የምታውቁ እስኪ በሉኝ።

ሌሊት ጋጋሪ
እዛው ጋግሪ እህቴ። ዳቦ በላስቲክ ታፍኖ በዛ ሙቀት መኪና ውስጥ ውሎ ሲደርስ ላብ ያልበዋል፣ ቅርፊቱ ይረጥባል፣ በማግስቱ ደግሞ መሻገት ይጀምርልሻል። እኔ እንጀራዬ ቤከሪ ነው፣ ሰመር ላይ እንዴት እንደምንሰራ ልንገርሽ።

ሙቀቱን ፍሪ እንጂ እርጥበቱ ብዙም አያስጨንቅሽ። በዊንተር ኩሽናሽ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ሁለት ሰዓት የሚፈጅብሽ ሊጥ 30 ዲግሪ ላይ በአንድ ሰዓት ኩፍ ብሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ቸኩሎ የተነሳ ዳቦ ደግሞ ላዩ ያምራል እንጂ ጣዕም የለውም፣ እርሾ እርሾ ይላል ቶሎም ይደርቃል። ስለዚህ ለ1 ኪሎ ዱቄት አንድ ፓኬት እርሾ (7 ግራም) የምታደርጊ ከሆነ እዛ ግማሹን ብቻ አድርጊ፣ ውሃውም ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ለብ ያለ ውሃ የሚባለውን ለዚህ ሳምንት እርሺው። ከ600 ግራም ውሃ ጀምሪና እያየሽ ጨምሪ፣ ዱቄቱ ራሱ ከአየሩ ስለሚስብ የለመድሽው መጠን ሊበዛበት ይችላል። ጨው 20 ግራም፣ ትንሽ ስኳር፣ ዘይት ግማሽ ሲኒ፣ ጥቁር አዝሙዱን እንደ እጅሽ።

በ18 ማታ አቡክተሽ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሪው። ጠዋት አውጥተሽ ድብልብል አድርገሽ ስትደረድሪው ታዲያ «እስኪነሳ ባሕር ደርሰን እንምጣ» እንዳትይ 😂 ቅዝቃዜው ከለቀቀው በኋላ ይሮጣል። በሰዓት አትመሪ፣ በጣትሽ ጫን አርጊው፣ ጎድጎድ ያለው ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፣ ቀስ እያለ ከተመለሰ አስገቢው፣ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል።

የኪራይ ቤት ኦቨን 375 ብለሽው 425 ሊሆን ይችላል፣ ውስጡ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር ይዘሽ ሂጂ፣ ርካሽ ነው። ሙልሙሉ በ375 ፋራናይት ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ድፎው እንደ ውፍረቱ እስከ 50 ደቂቃ። መሃሉ 200 ፋራናይት ከደረሰ በስሏል። እንቁላል ስለማትቀቢ ይገረጣል ብለሽ አትስጊ፣ ስኳሩ ያቀላዋል፣ እንደወጣም ዘይት ቀባ አርጊው።

የአሌክሳንድሪያ ልጅ
ኮባ እዚህ ባናገኝም የሙዝ ቅጠል ሞልቷል፣ የኤዥያና የላቲኖ ሱቆች ፍሪዘር ውስጥ ታጥፎ በላስቲክ ይሸጣል። ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ ከዘረጋሽው ይሰነጠቅብሻል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊውና ምድጃው ላይ ለአፍታ እሳት አሳዪው፣ አረንጓዴው ደመቅ ብሎ ልስልስ ይላል፣ ከዛ ትሪው ላይ እያደራረብሽ አንጥፊና ጫፍ ጫፉን ወደ ውጪ አስተርፊው፣ ሊጡን ስትገለብጪ መልሰሽ ላዩን ትሸፍኚበታለሽ።

ከሌሊት ጋጋሪ የምለየው በአንድ ነገር ነው። ቡሄ በደረሳችሁ ማግስት ከዋለ ሊጡን እቤትሽ በራስሽ ዕቃ አቡክተሽ በኩለር ከነበረዶው ይዘሽ ሂጂ፣ በሰው ቤት ኩሽና ዱቄት መበተኑም ይቀርልሻል። ክዳኑን ጥርቅም አርገሽ እንዳትዘጊው ብቻ፣ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል። ሳምንቱ መሃል ላይ ከሆነ ግን ያኛው ይሻላል፣ ዱቄቱን ከጨውና ከአዝሙዱ ጋር መዝነሽ በየኪሎው አሽጊው፣ እርሾውን ለብቻ።

ጨዋታ አዋቂ
የሞኝ ጥያቄ ካልሆነ በባሕሩ ውሃ ቢቦካስ? ጨው መግዛት ቀረ 😂

ሌሊት ጋጋሪ
አትሳቅ ሂሳቡ ይገጥማል እኮ። የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ በሊትር ወደ 35 ግራም ጨው አለው፣ 600 ግራም ውሃ ስትወስድ 21 ግራም ጨው መጣ፣ ለ1 ኪሎ ዱቄት የሚፈለገው ማለት ነው! ስፔን ውስጥ ተጣርቶ ለማብሰያ የሚሸጥ አለ። ግን ሰው ሲታጠብበት የዋለውን፣ ዝናብ ሲጥል የከተማው ጎርፍ የሚወርድበትን ውሃ በባልዲ ቀድተህ ዳቦ አታቡካ፣ ኦቨኑ ጀርሙን ቢገድል አሸዋውንና ዘይቱን አያወጣውም።

ከአሽዶድ
እኛ ዘንድ፣ እስራኤል አሽዶድ፣ ባሕሩ ደጃችን ነው፣ ኦገስት እዚህ እሳት ነው፣ አርብ አርብ ለሰንበት ዳቦ መጋገር ግን አይቀርም። አንድ ልጨምርልሽ እህት፣ ሁሉም ቤት ኤሲ አለ ብለሽ ሊጡን ነፋሱ የሚመታበት ቦታ እንዳታስቀምጪው፣ ላዩ ቆዳ ያወጣና ሲጋገር ይተረተራል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አርጊበት። ኦቨኑን ካላመንሽው ደግሞ የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድሽን መኪና ላይ ጫኚ፣ በቅጠል ጠቅልለሽ ከድነሽ መሃል ላይ ብትገለብጪው ድፎው ከኦቨን የተሻለ ይወጣል፣ ወዙም አይጠፋም።

አባ ግሪል
ምጣድ ተሸክሞ ባሕር ዳር? ኧረ በናታችሁ። በረንዳው ላይ የጋዝ ግሪል ካለ ጨረሳችሁ። እናቶቻችን ድፎ ሲደፉ ከታች እሳት ከላይ በክዳኑ ላይ ፍም ነበር፣ ክዳኑ የተዘጋ ግሪልም ከሁሉም አቅጣጫ ነው የሚያግለው። የዳርና ዳሩን በርነር ለኩሺ፣ መሃሉን አጥፊ፣ ትሪውን መሃል ላይ አኑሪና ክዳኑን ቶሎ ቶሎ አትክፈቺ። ቤቱም በሰመር በኦቨን አይታፈንም። አፓርትመንት ቢጤ ከሆነ ግን በረንዳ ላይ ግሪል መጠቀም ሊከለከል ስለሚችል አስቀድመሽ ጠይቂ።

በነገራችን ላይ የሚተርፍ ዳቦ ይዛችሁ እዛው አጠገብ ያለችው፣ ፈረሶች የሚኖሩባት አሳቲግ ደሴት ከሄዳችሁ መኪና ውስጥ ቆልፉበት። ፈረሶቹ የዱር ናቸው ግን የሰው ምግብ የት እንዳለ ከኛ በላይ ያውቃሉ፣ ድንኳን ድረስ ይመጣሉ፣ መመገቡም ክልክል ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ
ኧረ እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ! ቡሄ ሳምንቱ መሃል ላይ ስለሆነ እዛው ማታ አቡክቼ ፍሪጅ አሳድረዋለሁ፣ ሙልሙሉን በኦቨን፣ ድፎውን በግሪል፣ ግሪል እንዳለው አሁን ፎቶው ላይ አየሁት። የሙዝ ቅጠሉንም ዛሬውኑ እገዛለሁ። አማቴ ይሄን ሳነብላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ «ግሪሉን እኔ ነኝ የምይዘው፣ እናንተ ባሕራችሁን ዋኙ» 😂 አሁን የቀረችኝ አንዲት ጥያቄ፣ ባለቤቴ በዋዜማው ማታ ከልጆቹ ጋር ቢቹ ላይ ችቦ እናብራ እያለ ነው፣ ይቻላል?

አባ ግሪል
ኦሽን ሲቲ ቢች ላይ ያለ ፈቃድ እሳት አይነድም። ወይ ከተማውን ፈቃድ ጠይቁ ወይ ጅራፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሰው ራቅ ካለላችሁ ለማጮህ ከዛ የተሻለ ሜዳ የለም።