ቲኤስኤች ከፍ ብሎ «ሆርሞኗ አንሷል» ማለት እንዴት ነው?

ጥያቄ፣ ከደሴ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ እንቅርት ከያዛት ቆይቷል፤ ብዙም አያስቸግራትም ነበር። ዘንድሮ ግን ድካም በዛባት፣ ድምጿ ጎረነነ፣ የሆድ ድርቀትም መጣ። ብርድ ብርድ ሲላት የደሴ አየር ነው ብለን ተውነው። ለለቅሶ ኮምቦልቻ ስንወርድ ግን በዚያ የቀትር ሙቀት ጋቢዋን አላወልቅም አለች። ያኔ ደነገጥኩና አስመረመርኳት። ውጤቱ ቲኤስኤች ከፍተኛ፣ ቲ4 ዝቅተኛ ይላል። ሐኪሙ «ሆርሞኗ አንሷል» ብሎ ሌቮታይሮክሲን የሚባል የሆርሞን ምትክ ኪኒን አዘዘላት። ከፍ ያለው እንዴት አነሰ ይባላል? እጢው አብጦ ሳለስ ሥራው እንዴት ይቀንሳል? እሷ ደግሞ «ጨው ብቀይር ይበቃኛል» ብላ ኪኒኑን ጠልታዋለች።

መልስ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ ከኮምቦልቻ
አብሽሪ እህቴ፣ እናትሽን አላህ አፊያ ያድርጋቸው። ውጤት ስሰጥ ይህን ጥያቄ ሁሌ እሰማዋለሁ፤ የሚጠይቅ ሰው ደስ ይለኛል።

ቲኤስኤች ታይሮይድን (አንገት ላይ ያለውን እጢ) ሥራ የሚያዝ ሆርሞን ነው፤ ራሱ ግን ከአንገት አይመነጭም። የሚመጣው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል እጢ ነው፤ ግማሽ ግራም ገደማ ብትመዝን ነው። ደም ውስጥ የታይሮይድ ሆርሞን (ዋናው ቲ4 ነው) ሲያንስ ቲኤስኤች ትጨምራለች፣ ሲበዛ ትቀንሳለች። ልጇ አልሰማ ሲላት ድምጿን ከፍ አድርጋ እንደምትጣራ እናት አስቢያት። ስለዚህ የእናትሽ ፒቱታሪ እየተጣራች ነው፤ ያልመለሰው ታይሮይዱ ነው። ሰውነት ሙቀትና ጉልበት የሚያመነጭበትን ፍጥነት የሚወስነው ይህ ሆርሞን ስለሆነ፣ ጋቢውም ድካሙም ከዚያ ነው።

እብጠቱስ? አንድ የቲ4 ሞለኪውል 4 የአዮዲን አቶም ይፈልጋል። በእኛ ደጋ ዝናቡ አዮዲኑን ከአፈሩ አጥቦ ይወስደዋል። አዮዲን ሲያጥር ቲኤስኤች ይጨምራል፤ እሱ ደግሞ እጢውን ያሳድገዋል። እንቅርት ሌላም መነሻ ስላለው የእሳቸውን ሐኪሙ ይለየው።

አዮዲን ያለው ጨው ለቤተሰቡ ሁሉ ግዙ። ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል። ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት። የኪኒኑን ቦታ ግን አይተካም፤ አዮዲን ከመጠን ሲያልፍም ታይሮይድን ይጎዳል።

መልስ፣ ኪኒኑን የምትወስድ ከደሴ
እኔም እወስደዋለሁ። በባዶ ሆድ በውሃ ብቻ ትዋጠው። የወሎ ሰው ጧት ቡና ሳይቀምስ አይሆንለትም፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ትታገሥ። ቡናው መድኃኒቱ በደንብ እንዳይገባ ያደርገዋል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ካላት 4 ሰዓት ይራራቅ።

ጠያቂዋ
ከቡና ጋር ነበር የምትውጠው! ከነገ ጀምሮ እኔው እሰጣታለሁ። መቼ እናስመርምራት?

የላብራቶሪ ባለሙያው
ቲኤስኤች ቶሎ አይወርድም፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ስለ ቡናው ለሐኪሙ ንገሪው፣ መጠኑን ሲያስተካክል ይጠቅመዋል። ቢሻላቸውም ሳያማክሩ እንዳያቋርጡ።