«በረደሽ?» በስፓኒሽ እንዴት ነው የሚባለው?

ጠያቂ (መንዝ)
ሰላም ለሁላችሁ። ጓሳ ላይ እንግዳ አስጎበኛለሁ። ስፓኒሽ መማር ከጀመርኩ 2 ወሬ ነው። ባለፈው ጎህ ሲቀድ ጭላዳ ልናይ ወጣን። አንዲት ከስፔን የመጣች እንግዳ ብርዱ ጥርሷን ያንገጫግጫታል። ብርድ ልብስ ይዤ «ኤስታስ ፍሪያ?» አልኳት። ግራ ገብቷት ዝም ብላ አየችኝ። ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ቅዳሜ ሌሎች ስለሚመጡ እባካችሁ ቶሎ ንገሩኝ።

መልስ (ደብረ ብርሃን)
ወንድሜ፣ የሳትከው ግሱን ነው። እንዳልካት ከሆነ «ሰውነትሽ ቀዝቅዟል?» ወይም «ስሜት የለሽም?» ይመስላል። ሊያስቀይም ይችላል። እኛ «በረደኝ» ስንል አድራጊው ብርዱ ነው። እነሱ ግን ብርድ «አላቸው»። «ቴንጎ ፍሪዮ» ቃል በቃል «ብርድ አለኝ» ነው። ስለዚህ «ቲዬኔስ ፍሪዮ?» በላት። ሴትም ትሁን ወንድ «ፍሪዮ» አይለወጥም፣ እዚህ ላይ ስም ነውና። «ኤስታ» ለዕቃና ለምግብ ይሆንሃል። ሻዩ ከቀዘቀዘ «ኤል ቴ ኤስታ ፍሪዮ»፣ ሾርባው ከሆነ «ላ ሶፓ ኤስታ ፍሪያ»።

መልስ (ደብረ ሲና)
በዕድሜ ገፋ ላሉት «ቲዬኔ ፍሪዮ?» በል፣ የመጨረሻዋን «ስ» ጣላት። እነሱም እንደኛ «እርስዎ» አላቸው፣ «ኡስቴድ» ይሉታል። ስፔኖች ቶሎ አንተ አንቺ ይባባላሉ፤ ቢሆንም አክብሮ መጀመር ጥሩ ነው። ስለ አየሩ ከሆነ ደግሞ «አሴ ፍሪዮ» ነው። እዚህ ጣርማበር ላይ ጉሙ ሲወርድ «አሴ ሙቾ ፍሪዮ» ቢባል ያንሳል እንጂ አይበዛም።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! «ራበኝ»ም እንደዚሁ ነው?

መልስ (ደብረ ብርሃን)
አዎ። «ቴንጎ አምብሬ» ራበኝ፣ «ቴንጎ ሴድ» ጠማኝ፣ «ቴንጎ ሱዌኞ» እንቅልፌ መጣ። ዕድሜም በዚሁ ይሄዳል፤ «ቴንጎ ቤይንቴ አኞስ» 20 ዓመቴ ነው። «ኞ»ዋን አደራ! በ«ኖ» ከተካሃት የሚወጣው ቃል ነውር ነው። እኛ ፊደሏ ስላለችን አንቸገርም።

መልስ (መሐል ሜዳ)
ብርድ ልብስ «ማንታ» ነው። ከሜክሲኮ የመጣ ሰው ግን «ኮቢኻ» ሊልህ ይችላል። ስትሰጣት «ቶማ» በላት፣ እንኪ ማለት ነው።

ጠያቂ
«ቲዬኔስ ፍሪዮ? ቶማ፣ ኡና ማንታ።» ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ቅዳሜ ብርድ ልብሶቹን ከመኪናው ፊት ወንበር ላይ አስቀምጬ ነው የምጠብቃቸው።