የወገብ ዲስክ ተጎድቶባችሁ ብስክሌት የምትነዱ፣ እንዴት ነው የያዛችሁት?

ባለሁለት ጎማ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ታችኛው ወገቤ ላይ ያለው ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ ከተጎዳ ዓመታት አልፈዋል። በኤምአርአይ ሲታይ በኤል5 እና በኤስ1 (በመጨረሻው የወገብ አጥንትና ከሥሩ ባለው አጥንት) መካከል ያለው ወደ ኋላ ወጥቶ የግራውን ነርቭ ይነካል። መጀመሪያ ሰሞን ካልሲ ለማጥለቅ እንኳ ሰው ይረዳኝ ነበር። ያ ጊዜ አልፏል፣ ተመስገን። አሁን አብዛኛውን ቀን ደህና ነኝ። ግን ብዙ ከተቀመጥኩ ወይም አጎንብሼ ከቆየሁ ከመቀመጫዬ ተነስቶ በጭኔ ጀርባ አድርጎ ባቴ ድረስ የሚነዝረኝ ነገር አለ። ትንሿ የእግሬ ጣትም ትደነዝዛለች።

ጥያቄዬ ስለ ብስክሌት ነው። ለእኔ ስፖርት ብቻ አይደለም፤ ሥራ የምሄድበትም ጭንቅላቴን የማናፍስበትም እሱ ነው። አንዱ ሐኪም «እርሳው» አለኝ። ሌላው «ዋና ብቻ» አለኝ። ሦስተኛው «ካላመመህ ንዳ» ብሎ ሸኘኝ። ግራ ያጋባኝ ይሄኛው ነው። እየነዳሁ እኮ ብዙም አያመኝም! የሚያመኝ ከወረድኩ በኋላ ነው፣ ሲብስም በማግስቱ ጠዋት። ታዲያ «ካላመመህ» የሚባለው የመቼው ሕመም ነው?

ከዚህ ነገር ጋር ለዓመታት እየኖራችሁ የምትነዱ ካላችሁ፣ ብስክሌቱ ላይ ምን ቀየራችሁ? ምን ያህል ስትነዱ ነው «ይበቃል» የምትሉት? የቀረውን ኑሮስ፣ መቀመጡን፣ ዕቃ ማንሳቱን፣ እንዴት አደረጋችሁት? «አይዞህ ይሻልሃል» ለምትሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ዝርዝሩን ብትነግሩኝ ግን ይበልጥ ይጠቅመኛል።

ዳገት ወዳጅ፦

ወንድም፣ ሕመምህን አውቀዋለሁ። የእኔ በኤል4 እና በኤል5 መካከል ነው። ብስክሌት አላቆምኩም። ብዙ ሰው ሲያመው ስለ ወገቡ ብቻ ነው የሚያስበው፣ ብስክሌቱ ልኩ መሆን አለመሆኑን አያይም። እኔ ግን ግማሹ መፍትሔ እዚያ ነው ባይ ነኝ።

ከኮርቻው ከፍታ ጀምር። ከልክ በላይ ከፍ ካለ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ያጥራል፣ ስለዚህ ዳሌህ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ እየወረደ ይረግጣል፣ ወገብህም በየዙሩ አብሮ ይጠማዘዛል። አንድ ሰዓት ስትነዳ ይሄ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ሰው ከኋላህ ሆኖ በስልክ ይቅረጽህ። ቪዲዮው ላይ የቀበቶህን መስመር ተመልከት። ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ኮርቻውን ጥቂት ሚሊሜትር ዝቅ አድርግና እንደገና ይቅረጽህ። ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበትህ ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያህል እጥፍ ማለት አለበት፣ ቀጥ ብሎ መገተር የለበትም።

ከዚያ መሪው። ጎንበስ ብሎ መንዳት በራሱ ችግር የለውም፤ ዋናው ከየት ነው የምትጎነበሰው ነው። ዳሌህን ወደ ፊት አዘንብለህ ከሆነ ወገብህ የተፈጥሮ ቅርጹን ይዞ ይቆያል። ዳሌህ ባለበት ተገትሮ ወገብህ ብቻ ከጎበጠ ግን ዲስኩ በፊት በኩል ይጨመቃል፣ ውስጡ ያለው ዝልግልግ ነገርም ወደ ኋላ ይገፋል፤ ነርቩ ያለው ደግሞ እዚያው ከኋላ ነው። መሪው ሩቅና ዝቅ ያለ ሲሆን የሚያሰቃየን ለዚህ ነው። እኔ መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘውን ብረት በአጭር አስቀየርኩ፣ መሪውንም ወደ ኮርቻው ከፍታ አመጣሁት። የኮርቻውን አፍንጫ በጣም በትንሹ ወደ ታች ማዘንበልም ዳሌ ወደ ፊት እንዲዞር ያግዛል። ከበዛ ግን ወደ ፊት እየተንሸራተትክ ክብደትህን በእጅህ ስትሸከም ትውላለህ። ደግሞ ሁሉንም በአንድ ቀን አትነካካ። አንዱን ቀይር፣ ለሳምንት ያህል ንዳው፣ ከዚያ ወደ ሌላው ሂድ። አለዚያ የትኛው እንደጠቀመህ አታውቅም።

ጎማ ላይ አትሰስት። ሰፋ ያለ ጎማ ንፋሱ ትንሽ ቀነስ ሲልለት የመንገዱን ንዝረት ራሱ ይውጠዋል። ቀጭን ጎማ እስኪደርቅ ተነፍቶ ሲነዳ ያ ሁሉ ንዝረት የሚያርፈው ወገብህ ላይ ነው። ጉድጓድ ስታይ ከኮርቻው ብድግ በል፣ ጉልበትህና ክርንህ ይቀበሉት። ማርሽም እንደዚሁ ነው። ከባድ ማርሽ ይዞ እየታገሉ ዳገት መውጣት ወገብን ይገድላል፣ በተለይ መጨረሻ ላይ፣ ጡንቻው ዝሎ ጀርባህ ሳይታወቅህ መጉበጥ ሲጀምር። ቀለል ያለውን ማርሽ አስገባና ሜዳ ላይ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር ርገጥ። ቦርሳህንም ከጀርባህ አውርደህ ብስክሌቱ ላይ እሰረው።

ፊዚዮዋ፦

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሳላይህ ምርመራ ልሰጥህ አልችልም፣ ግን ስለ ሦስተኛው ሐኪም የጠየቅከው ጥሩ ጥያቄ ነው።

አስቀድሜ ይሄን ሳልል አላልፍም። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተህ፣ ሽንት አልወጣ ካለህ፣ ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘህ፣ ወይም ሁለቱም እግሮችህ ከከዱህ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ። በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ። በአከርካሪው ታችኛው ጫፍ ያለው የነርቮች ጥቅል ታፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ ካልታከመም ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል። ብስክሌት ነጂዎች ላይ የሚያሳስበኝ ኮርቻ ላይ መደንዘዝን ስለለመዱት «ያው የተለመደው ነው» ብለው ሊያልፉት መቻላቸው ነው። ወርደህ ትንሽ ከተራመድክ በኋላም ካልለቀቀህ አትናቀው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። እኔ «ካላመመህ» ስል የሚቀጥሉትን 24 ሰዓታትም እጨምራለሁ። የተቆጣ ነርቭ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚናገረው። ስለዚህ ፍርዱን ኮርቻው ላይ አትስጥ፣ በማግስቱ ጠዋት ስጥ። ከወትሮው ካልባሰብህ ልክህ እሱ ነበር፣ እንዳለ ድገመው። ከባሰብህ በሚቀጥለው ቀንስ። ስትጨምርም ወይ ርቀቱን ወይ ዳገቱን እንጂ ሁለቱን በአንድ ላይ አትጨምር። ሌላው የምከታተለው ሕመሙ የት እንዳለ ነው። ከባት ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ወገብ እየተሰበሰበ ከሆነ፣ ወገብህ ላይ ጠንከር ቢልም እንኳ ብዙ ጊዜ ደግ ምልክት ነው። ወደ እግርህ እየወረደ ከሆነ ግን ያደረግከው አልተስማማህም ማለት ነው።

የጡንቻህን ጉልበትም አልፎ አልፎ ፈትሽ። በተረከዝህ ተራመድ። ከዚያ ግድግዳ ያዝና በአንድ እግርህ ቆመህ በጣቶችህ ጫፍ ደጋግመህ ተነሳ። ግራና ቀኙን አወዳድር። ሕመም ሳይጨምር ጉልበት ብቻ ሊቀንስ ይችላል፣ ያንን ደግሞ ሰው ቶሎ አያስተውለውም።

ኤምአርአዩ ላይ የታየው ነገር ደግሞ ሕይወትህን አይወስን። እ.ኤ.አ. በ2015 የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያሰባሰበ አንድ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ምንም ከማያማቸው የ20 ዓመት ወጣቶች 30 በመቶ ያህሉ፣ ከ80 ዓመት አረጋውያን ደግሞ 84 በመቶ ያህሉ ዲስካቸው አብጦ ይታያል። የወጣ ዲስክም በጊዜ ብዛት ራሱ የሚመጠጥበትና የሚያንስበት ጊዜ ብዙ ነው። ፎቶው የድሮ ከሆነ ስለ ዛሬው ወገብህ ብዙ አይነግርህም።

ረጅም መንገድ፦

ሁለቱም ያሉት ልክ ነው። እኔ ግን ስለ ቀረው ቀን ላውራ። በቀን አንድ ሰዓት ብንነዳ ነው፤ ተቀምጠን የምንውለውስ? ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም አልፍ ናኬምሶን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዲስክ ውስጥ መርፌ አስገብቶ ግፊቱን ለክቶ ነበር። አጎንብሶ መቀመጥ ከመቆም የበለጠ ዲስኩን እንደሚጫነው ያወቅነው ከእነዚያ ልኬቶች ነው። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ወንበር ላይ ጎብጠህ ውለህ ማታ ብስክሌት ላይ ስትወጣ ወገብህ ቀድሞ ደክሟል። ጥፋቱን የሚሸከመው ግን ብስክሌቱ ነው። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ እነሳለሁ፣ ስልክም የማወራው ቆሜ ነው።

ጠዋት ላይ ተጠንቀቅ። ሌሊት ዲስኩ ፈሳሽ ስለሚመጥ ስንነሳ ያበጠ ነው፣ ያኔ ማጎንበስ ይበልጥ ይከብደዋል። በመጀመሪያው ሰዓት ጫማ ለማሰር እግሬን ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጣለሁ እንጂ ወደ መሬት አልታጠፍም። ጠዋት በማለዳ የሚነዳ ሰውም ከአልጋ ወርዶ ቀጥታ ኮርቻ ላይ አይውጣ፣ ትንሽ ይራመድ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር ልንገርህ፣ ማስነጠስ። ሲመጣብህ ግድግዳ ወይም ጠረጴዛ በእጅህ ያዝና ደረትህን ቀና አድርገህ አስነጥስ። ጎብጠህ ካስነጠስክ ያ መብረቅ እግርህ ድረስ ይወርዳል።

ብስክሌቱን ማንሳቱ ደግሞ ከመንዳቱ ይብሳል። ደረጃ ላይ ስታወጣው ወይም መኪና ላይ ስትጭነው ወደ ሰውነትህ አስጠጋው፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ መዞር ካለብህ በእግርህ ዙር እንጂ ወገብህን አትጠምዝዝ። መጎንበስ፣ ክብደትና መጠምዘዝ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ጉዱ የሚፈላው። ረዳት ካለ «አግዘኝ» ማለት ምንም አያሳፍርም።

እንቅስቃሴውን በተመለከተ ካናዳዊው የአከርካሪ ተመራማሪ ስቱዋርት ማክጊል የሚያስተምራቸው ሦስቱ ይበቁኛል። አንደኛው በጀርባ ተጋድሞ፣ አንድ ጉልበት አጥፎ፣ እጅን ከወገብ ሥር አድርጎ ጭንቅላትና ትከሻን ትንሽ ብቻ ከመሬት ማላቀቅ ነው። ሌላው በጎን ተጋድሞ በክርን ተደግፎ ዳሌን ማንሳት፣ የቀረው ደግሞ በእጅና በጉልበት ቆሞ ተቃራኒ እጅና እግርን መዘርጋት ነው። እያንዳንዱን 10 ሰከንድ ያህል ይዞ መልቀቅ፣ ከዚያ መድገም። ቁጭ ብሎ እየተነሱ ሆድ ማጠንከር የሚባለውን ግን ተወው፣ ያ ለእኛ ወገብ አይሆንም።

እና ፍርሃቱ። ማንም ስላላነሳው ነው። አንዴ ክፉኛ ከታመምክ በኋላ እያንዳንዷን ቁንጥጫ «ሊመለስብኝ ነው» ትላታለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ፣ ጡንቻህ ይገተራል፣ መገተሩ ራሱ ያምሃል። እኔን ከዚያ ያወጣኝ በጣም አጭርና ሜዳ የሆነ መንገድ መርጬ እሱኑ መደጋገሜ ነው። ምንም ሳይደርስብኝ ስመለስ ስመለስ ሰውነቴ አመነ።

ባለሁለት ጎማ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። ዛሬውኑ አስቀረጽኩት። ዳገት ወዳጅ፣ ቀበቶዬ ልክ እንዳልከው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ በተለይ በግራ በኩል። ኮርቻውን ዝቅ ሳደርገው መወዛወዙ ወዲያው ቀነሰ።

ፊዚዮዋ እህቴ፣ ያልሽውንም ሞከርኩ። በተረከዜ መራመድ አልቸገረኝም። በጣቶቼ ጫፍ መነሳት ግን በቀኝ እግሬ ቀላል ነው፣ በግራ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተረከዜ ሙሉ በሙሉ አይነሳም። የግራው ባቴ ከድሮም ትንሽ ቀጠን ያለ ነው። ያስጨንቃል? ደግሞ ቤት ውስጥ ሳይንቀሳቀስ ባለበት ቆሞ የሚነዳው ብስክሌት ከመንገዱ ይሻላል ወይ?

ፊዚዮዋ፦

ኤስ1 ነርቭ ባትን ከሚያንቀሳቅሱት ዋነኛው ስለሆነ ካለብህ ጉዳት ጋር ይገጥማል። ከመጀመሪያው ሕመም የቀረና ለዓመታት ያው የሆነ ድክመት ከሆነ ብዙዎች ይዘውት ይኖራሉ፣ ባትን ማጠንከርም ይቻላል። አዲስ ከሆነ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን ሳትቆይ መታየት አለብህ። አሁን መለኪያ ስለሌለህ ዛሬ ስንት ጊዜ እንደተነሳህ ጻፈው፣ በየሳምንቱም ድገመው። ቀድሞ ሐኪም ለክቶት የማያውቅ ከሆነ በዚህ ሰሞን አሳየው። እስከዚያው ሜዳ ላይ፣ በቀላል ማርሽ።

ዳገት ወዳጅ፦

ባለበት ቆሞ ስለሚነዳው ብስክሌት እኔ ልመልስ። ጥቅሙ ጉድጓድ የለም፣ ሲያምህ ወርደህ መሄድ ትችላለህ። ጉዳቱ ብስክሌቱ ታስሮ ስለሚቆም ከሥርህ አይንቀሳቀስም፣ አንተም ሳታውቀው በአንድ አቀማመጥ ደርቀህ ትቀራለህ። መንገድ ላይ መታጠፊያው፣ ቁልቁለቱና ፍሬኑ ያነሳሱሃል፣ እዚያ ግን ማንም አያነሳሳህም። ስለዚህ ስልክህን በየአምስት ደቂቃው እንዲጮህ አድርገውና በጮኸ ቁጥር ፔዳሉ ላይ ቆመህ ወገብህን ዘርጋ። ኮርቻና መሪውን መንገድ ላይ ከምትነዳው ብስክሌት ጋር በሜትር ለክተህ እኩል አድርገው፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።