የ90 ዶላር ስኮፕ (የጠመንጃ ማነጣጠሪያ መነጽር) እና የ600 ዶላር ስኮፕ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? አጋዘን አቁስዬ ጠፋችብኝ

የሴንት ፖሉ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሚኒሶታ ነው፣ አደን ከጀመርኩ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመቴ። ጠመንጃዬ 308 ካሊበር ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ስኮፕ ደግሞ ኦንላይን በ90 ዶላር የገዛሁት ከ4 እስከ 12 የሚያጎላ ነው። ኦክቶበር ላይ ሬንጅ (የተኩስ መለማመጃ ቦታ) ሄጄ በ100 ያርድ ዜሮ አደረግኩት፣ ማለት ጥይቱ ስኮፑ ውስጥ ያለው ማነጣጠሪያ መስቀል በሚያርፍበት እንዲገባ አስተካከልኩት፣ ሦስቱም ጥይት የቡና ሲኒ አፍ በሚያህል ቦታ ገባልኝና ደስ ብሎኝ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት።
ኖቬምበር ላይ ሲዝኑ የተከፈተ ቀን ጠዋት አንዲት አጋዘን 150 ያርድ ላይ ፊቷን ወደ ቀኝ አድርጋ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ከክንዷ ጀርባ አነጣጥሬ ትንፋሼን ይዤ ቃታውን ሳብኩ፣ ዘለለችና ጫካው ውስጥ ገባች። የቆመችበት ቦታ ሄጄ ሳይ ደሙ ቡናማ ነገር ነው፣ የተፈጨ ሣር አለበት፣ ሆዷን ነው የመታኋት። ከጓደኛዬ ጋር እስኪመሽ ፈለግን፣ በማግስቱም ተመልሰን ፈለግን፣ የለችም። እስካሁን ዓይኔ ላይ አለች፣ እንስሳ እንዲህ ማሰቃየት እኔ ያደግኩበት ነገር አይደለም።
ሳምንት ቆይቼ ሬንጅ ስመለስ በ100 ያርድ 4 ኢንች ወደ ግራ እየመታ ነው። ጥያቄዬ፣ ጥፋቱ የስኮፑ ነው ወይስ የኔ? ሰው ሁሉ ውድ ግዛ ነው የሚለኝ፣ 600 ዶላር ደግሞ አገር ቤት ብር ለሚልክ እንደኔ ላለ ሰው ቀላል አይደለም። እስቲ የምታውቁ ንገሩኝ።

ኮሎራዶ 14፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ሁለት ቀን ሙሉ የፈለግክ ሰው ነህ፣ ስንቱ አሥር ደቂቃ ዞር ዞር ብሎ ይሄዳል።
ወደ ጥያቄህ ስመጣ፣ ስኮፕ ውስጡ ምን እንዳለ ብታይ ዋጋው ለምን እንደሚለያይ ወዲያው ይገባሃል። ከውጪ በምታየው ቱቦ ውስጥ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለች፣ ማጉያ ሌንሶቹ እሷ ውስጥ ናቸው፣ ከላይና ከጎን ያሉት ማዞሪያዎች በአንድ በኩል ይገፏታል በሌላ በኩል ደግሞ ስፕሪንግ ይገፋታል፣ በቃ በዚህ ተወጥራ ነው የምትኖረው። አንተ በተኮስክ ቁጥር እሷ ትናጣለች። ስፕሪንጉ ደካማ ከሆነ ወይም ማዞሪያው ጥርሱ ልል ከሆነ ወደ ቦታዋ አትመለስም፣ ወይ ዛሬ ትመለስና ነገ ትሸሻለች። ሌንሱ ግን ያው ጥርት አድርጎ ያሳይሃል፣ ሰውን የሚያታልለውም ይሄ ነው፣ ሱቅ ውስጥ ሆነህ ስታይበት የ90ውም የ900ውም ያምራል።
እኔ ኤልክ (ትልቁን የአጋዘን ዘር) ነው የማድነው፣ 300 ዊን ማግ በሚባለው ኃይለኛ ጥይት። ጠመንጃው ትከሻ ይሰብራል፣ ተራራ ላይ ደግሞ ይወድቃል፣ ከድንጋይ ይጋጫል። ሁለት ርካሽ ስኮፕ አልፎበታል፣ አንዱ መስቀሉ ዞሮ ቀረ፣ ሌላው ንጋት ላይ ውስጡ ጉም ሞልቶ ምንም አላይ አልኩ። ከውጪ ቢሆን በጨርቅ ይጠረጋል፣ ከውስጥ ከሆነ ግን ናይትሮጅኑ ወጥቶ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው፣ አለቀለት። አሁን ናይትፎርስ የሚባለው ስኮፕ ነው ያለኝ፣ ዋጋው አንጀት ይበላል፣ አራተኛ ዓመቱን ይዟል ዜሮውን ነክቼው አላውቅም። ብር ካለህ አንዴ ጥሩ ግዛና ተገላገል ነው የምለው።

አባ መላ፦
ልጄ ከመግዛትህ በፊት አንድ ነገር ስማኝ። ከሰላሳ ዓመት በላይ ማሽን ሾፕ ውስጥ ሰርቻለሁ፣ ጠመንጃም ለጓደኞቼ አስተካክላለሁ። ስኮፔ ተበላሸ ብለው ይዘውልኝ ከሚመጡት ብዙውን ጊዜ የማገኘው የላላ ብሎን ነው። ስኮፑን አውጥተህ ከሥሩ ያለውን ቤዝ (ጠመንጃው ላይ የታሰረውን የስኮፑን መቀመጫ) በእጅህ ነቅነቅ አድርገው። ብሎኖቹን ፈትተህ ዘይታቸውን በአልኮል ጥረግ፣ የቤዙ ብሎን ላይ ሰማያዊውን ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ጠብታ አድርግ፣ ስኮፑን የሚይዙትን ቀለበቶች ደግሞ በቶርክ ሬንች (የምታጠብቅበትን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ከ15 እስከ 18 ኢንች ፓውንድ ብቻ፣ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ቱቦውን ራሱ ይጨፈልቀዋል። የቀለበትህ አምራች ሌላ ቁጥር ከጻፈ የሱን ተከተል።
ከዚያ ሳጥን ሙከራ የሚባለውን ሥራ። የኢላማውን መሃል ምታ፣ ማዞሪያውን 20 ክሊክ (ሲዞር ቀጭ የሚላትን አንዷን ደረጃ ቁጠር) ወደ ላይ አዙረህ ምታ፣ 20 ወደ ቀኝ፣ 20 ወደ ታች፣ 20 ወደ ግራ፣ በየማዕዘኑ እየተኮስክ። አንዱ ክሊክ ሩብ ኤምኦኤ፣ ማለት በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ገደማ፣ ከሆነ እያንዳንዱ ጎን 5 ኢንች ከትንሽ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ላይ ካልተመለሰ ጥፋቱ የስኮፑ ነው፣ ከተመለሰ ግን ብርህን ያዝ።
ሌላው፣ 4 ኢንች በ100 ያርድ ማለት በ150 ላይ 6 ኢንች ነው። የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ወርዱ 8 ኢንች ገደማ፣ ከመሃሉ ግራና ቀኝ አራት አራት ነው ያለህ። ወደ ቀኝ ዞራ ከነበረ 6 ኢንች ወደ ግራ ሆዷ ላይ ነው የሚያርፈው። እጅህ አልተንቀጠቀጠም፣ ያነጣጠርክበት መስቀል ነው የዋሸህ።

ሰላም ከቴክሳስ፦
አባ መላ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ግን የ90 ዶላሩ ላይ ከ4 እስከ 12 መሆኑን አልወደድኩትም። በዚያ ዋጋ ማጉላቱ በበዛ ቁጥር ብሩ ስፕሪንጉ ላይ ሳይሆን ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር ላይ ነው የሚሄደው። ለ200 ያርድ ከ3 እስከ 9 በ40፣ ማለት ከ3 እስከ 9 የሚያጎላ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊሜትር የሆነ፣ ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም። ሊዩፖልድ የሚባለው ኩባንያ ቪኤክስ ፍሪደም 300 ዶላር አካባቢ ነው፣ የሌላው ኩባንያ የቮርቴክስ ከዚያም ያነሰ አለ፣ ሁለቱም የዕድሜ ልክ ዋስትና አላቸው፣ ያለ ደረሰኝም ይቀበሉሃል። 600 አያስፈልግህም፣ 90ም አይሆንህም።
ውዱ ሌንስ የሚለየው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው፣ ያኔ ስዋሮቭስኪ የሚባለው ውድ ስኮፕ ያለው ሰው ከኔ ጥቂት ደቂቃ የበለጠ ያያል፣ አይቼዋለሁ እውነት ነው። ግን ርካሽም ቢሆን ሲመሽ ማጉላቱን ቀንሺው ብሎ ባለቤቴ ነው ያስተማረኝ። 40ውን በ9 ስታካፍለው ወደ ዓይንህ የሚመጣው ብርሃን ስፋቱ 4.4 ሚሊሜትር ነው፣ በ5 ብታደርገው ግን 8 ይሆናል፣ ዓይንህ ጨለማ ላይ ሊቀበል ከሚችለው በላይ ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲመሽ አጉልቶ እያየ ስኮፑ ጨለመብኝ ይላል።

የሴንት ፖሉ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ አባ መላ እንዳሉኝ ፈታሁት፣ ከኋላ ያለው የቤዝ ብሎን በጣቴ ነው የዞረው! ካቻቢቴ እንኳን አልፈለገም፣ ልቤ ነው የወረደው። እሱን አስተካክዬ በቶርክ ሬንች አጥብቄ ሬንጅ ሄድኩ፣ ሳጥን ሙከራውን ስሰራ ግን መጨረሻው ጥይት ከመጀመሪያዋ 2 ኢንች ራቀ። ደገምኩት፣ አሁን ደግሞ በሌላ በኩል ራቀ። ከዚያ የጓደኛዬን የ300 ዶላር ስኮፕ ተውሼ እዚያው ቤዝ ላይ በዚያው ጥይት ሞከርኩት፣ አራቱን ማዕዘን ዞሮ የመጀመሪያዋ ቀዳዳ ጫፏ ላይ ገባ፣ 20 ጥይት ተኩሼም አልነቃነቅ አለ። ስለዚህ ሁለቱም ነው፣ ብሎኑም ስኮፑም። ብሎኑ የኔ ጥፋት ነው፣ ሳልፈትሽ ነው የወጣሁት።
ለዘንድሮ ሲዝኑም አልቋል ጾመ ነቢያትም ገብቷል። ከ3 እስከ 9ኙን አዝዣለሁ፣ 600ው አገር ቤት ለእናቴ ይሂድ።

አባ መላ፦
ጎሽ። ሲደርስህ ብሎኖቹን አጥብቀህ ስትጨርስ ከያንዳንዱ ብሎን ራስ ወደ ቀለበቱ የሚሻገር ቀጭን መስመር በጥፍር ቀለም አድርግ፣ መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፣ በዓይንህ ብቻ ታውቀዋለህ። ሲዝኑ ሊከፈት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ሬንጅ ሂድና ቀዝቃዛ፣ ገና ያልተተኮሰበት ጠመንጃ ላይ አንዲት ጥይት ተኩሰህ የት እንደገባች እይ፣ ጫካ ውስጥ የምትተኩሳት እሷን ነው። መጥረጊያ አልኮሉንና ሎክታይቱን ብታጣ ጻፍልኝ፣ እኔ ያለሁት ብሉሚንግተን ነው፣ ሩቅ አይደለሁም።