እቃ እቃ ላይ አንድ ሰዓት፣ ደብተር ላይ አምስት ደቂቃ

የኬጂ 3 ልጅ እናት (ጅማ)
ሰላም ለሁላችሁ። አምስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ አለኝ። ቤታችን ወደ ጅሬን መውጫው ላይ ነው። በየቀኑ ሁለት ገጽ ፊደል ገልብጦ እንዲመጣ የቤት ሥራ ይሰጠዋል። «ሀ» ብሎ ይጀምራል፣ ሦስተኛው መስመር ላይ እርሳሱ ጠረጴዛ ሥር ነው። ባለፈው ሳምንት መገናኛ ደብተሩ ላይ «ትኩረት የለውም፣ ቤት ይቀጣ» ተብሎ መጣልኝ። ቃሉ እስካሁን ከውስጤ አልወጣም።

ቅዳሜ ግን ይኸው ልጅ ከአክስቱ ልጆች ጋር ግቢ ውስጥ እቃ እቃ ሲጫወት ቆሜ አየሁት። ሐኪም ሆኗል። መርፌው የቡና ጭራሮ ነው። በሽተኛዋ ስትስቅበት «ሐኪም አይስቅም» ብሎ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ዋጠ። ትንሿ ጭራሮውን ልትቀማው ስትል «ወረፋ ያዢ» አላት። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆኑ። ታዲያ ትኩረት የሌለው የቱ ልጄ ነው? የትምህርት ቤት አሠራር ይህን ነገር ሊያሳድገው ወይም ሊያቀጭጨው ይችላል? ትምህርት ቤት ልቀይር አልቀይር እያልኩ ነው።

የኬጂ መምህርት
እህቴ፣ በፍጹም እንዳትቀጪው። ያየሽው ራሱ ትኩረት ነው። ሳቁን መዋጡ ራስን መግታት ነው። ማን በሽተኛ፣ ማን ወረፋ ጠባቂ እንደሆነ በጭንቅላቱ ይዞ መቆየቱም አለ። ጨዋታው ሲለወጥ አብሮ መለወጡም አለ። ባለሙያዎች እነዚህን ሦስቱን ኤግዘኪዩቲቭ ፈንክሽን ይሏቸዋል።

እኔ ክፍል ውስጥ 54 ልጆች አሉኝ። ጥንድ ጥንድ ሆነው ተራ በተራ ተረት ሲነጋገሩ ሁሉም ማውራት እንጂ መስማት አይፈልግም ነበር። አንድ ሥልጠና ላይ ያየሁትን ሞከርኩ። ካርቶን ላይ አፍና ጆሮ ሣልኩ። አፍ የያዘ ያወራል፣ ጆሮ የያዘ ይሰማል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። አንዷ ልጅ ልትናገር አፏን ከፈተች፣ እጇ ላይ ያለውን ጆሮ አየች፣ መልሳ ዘጋችው። ያንን ቀን አልረሳውም። ከጊዜ በኋላ ካርቶኑም አላስፈለጋቸውም።

አባት፣ ሁለት ልጆች
ጨዋታው ጥሩ ነው። ግን ፊደል ሳይለይ አንደኛ ክፍል ቢገባስ? እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ሳይኮሎጂ የተማርኩ
ወንድሜ፣ ፊደሉ አይቀርም። ጥያቄው እንዴት ይማረው ነው። የጆሮና የአፍ ሥዕሉ ኤሌና ቦድሮቫና ዴቦራ ሊዮንግ ከሶቪየቱ ሳይኮሎጂስት ከቪጎትስኪ ሐሳብ ተነስተው አሜሪካ ውስጥ ካዘጋጁት «ቱልስ ኦፍ ዘ ማይንድ» ከሚባል ፕሮግራም የመጣ ነው። እዚያ ልጆች ከመጫወታቸው በፊት ምን ሊጫወቱ እንዳሰቡ ያቅዳሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዋ አዴል ዳያመንድና ባልደረቦቿ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸውን 147 የደሃ ቤተሰብ ልጆች ፈትነው ነበር። በፕሮግራሙ የተማሩት በሌላ መንገድ ከተማሩት ራስን በመግታቱ ፈተና በልጠው ተገኙ።

በኋላ በብዙ ትምህርት ቤቶች ሲሞከር ግን አንዱ ጥናት ለውጥ አገኘ፣ ሌላው ምንም አላገኘም። ስለዚህ እህቴ፣ የፕሮግራም ስም አይተሽ አትቀይሪ። ክፍሉ ገብተሽ እዪ። ልጆቹ ተራ ይጠብቃሉ ወይስ ዝም ብለው ይቀመጣሉ? ሁለቱ አንድ አይደሉም። ደግሞ ይህ ራስን የመግታት ችሎታ የሚያድገው በየቀኑ ሲለማመዱት፣ ልምምዱም ቀስ በቀስ ከበድ ሲል ነው። ብዙ የሚጠቀሙትም በዚህ በኩል ደከም ያሉት ልጆች ናቸው።

የኬጂ 3 ልጅ እናት
አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ ማታ ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት «ዕቅድህ ምንድነው?» አልኩት። አሰበና «ከሀ እስከ ሆ ጽፌ ውሃ እጠጣለሁ፣ ከዚያ ለ» አለኝ። ጻፈ፣ ውሃውን ጠጣ፣ ሳልጠራው ተመልሶ ተቀመጠ። የሠራው አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሁለተኛውን አላስገደድኩትም። ሰኞ ጠዋት ሳደርሰው ክፍሉ ውስጥ ትንሽ ልቀመጥ ብዬ መምህርቷን እጠይቃታለሁ።