ኪናባሉ ተራራን ለመውጣት ደጋ ተወልዶ ማደግ ይበቃል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ኩዋላ ላምፑር ውስጥ የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በመጪው ጥር ከባለቤቴ ጋር ወደ ቦርኒዮ ደሴት ተሻግረን፣ በማሌዥያዋ ሳባ ግዛት በሚገኘው በኪናባሉ ፓርክ ውስጥ ያለውንና 4,095 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ለመውጣት አስበናል። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ስለሆነ ከፍታው ያስቸግረኛል ብዬ አልሰጋም፤ ባለቤቴ ግን ጉልበቷን ያማታል፣ ገደልም ትፈራለች። ምን ብንዘጋጅ ይሻላል? እርሷ ከታች ብትቀርስ የምታየው ነገር ይኖራል?

መልስ፦ ሐኪሟ

ወንድሜ፣ የሚያሳስበኝ ባለቤትዎ ሳይሆኑ እርስዎ ነዎት። ሰውነት ከፍታን መልመዱ የሚቆየው እዚያው ከፍታ ላይ እስከኖሩ ድረስ ሲሆን፣ ቆላ ወርደው ጥቂት ሳምንታት ሲቆዩ ልምዱ እየለቀቀ ይሄዳል። እርስዎ ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይል ከተማ ሦስት ዓመት ኖረዋል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ሌሊት፣ ቢቻል ሁለት፣ በፓርኩ ዋና መግቢያ አካባቢ ወይም በኩንዳሳንግ ከተማ ይደሩ። ከጫፉ በፊት ከሚታደርበት ማረፊያ ቤት ሲደርሱ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣብዎት እዚያው ይቁሙ፤ ዕረፍት አድርገው ካልተሻለዎት ወይም ከባሰብዎት፣ መሪዎን ቀስቅሰው በጨለማም ቢሆን ወደ ታች ይውረዱ። ለከፍታ ሕመም የሚሰጠውን አሴታዞላማይድ ሐኪም ሳያዩዎት አይውሰዱ።

መልስ፦ ደባርቅ

በሰሜን ተራሮች ተጓዦችን ለብዙ ዓመታት መርቻለሁ፤ ኪናባሉንም አንድ ጊዜ ወጥቼዋለሁ። እኛ ዘንድ ራስ ዳሽን የሚወጣ ሰው ከሳንቃ በር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ እያለ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ ስለሚል ሳንባው አብሮት ይለምዳል። ኪናባሉ ላይ ግን 1,866 ሜትር ላይ ካለው ከቲምፖሆን በር ተነሥተው በ6 ኪሎ ሜትር መንገድ 3,272 ሜትር ላይ ወዳለው ማደሪያ፣ ወደ ፓናላባን ይደርሳሉ፤ ይህም በአንድ ቀን 1,400 ሜትር መውጣት ማለት ነው። በማግስቱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሥተው ቀሪውን 2.7 ኪሎ ሜትር ይወጣሉ፤ ከዚያ ያንኑ ሁሉ በዚያው ቀን ይወርዱታል። ጉልበት የሚያልቀው በመውረዱ ነው፤ መንገዱ ከፍና ዝቅ ያለ የድንጋይና የእንጨት ደረጃ ስለሆነ እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ ያርፋል። ለባለቤትዎ ይህን አልመክርም።

ከሳያት ሳያት ኬላ በታች ራቁቱን የቆመ ጥቁር ዓለት አለ፤ የሚወጣውም ገመድ ተይዞ ነው። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ገመዱ ውሃ ጠጥቶ የሱፍ ጓንቴን ወዲያው አራሰው፤ ኬላው ላይ ስሜን ለማስመዝገብ ጓንቱን ሳወልቅ ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ መሪዬ በእጆቹ መሐል ይዞ አሞቃቸው። ውሃ የማያስገባ ጓንት፣ የግንባር መብራትና ወፍራም ካፖርት ይያዙ። ወሩንም ወደ መጋቢት ቢያዛውሩት ይሻላል፤ ጥር ዝናብ አያጣም፣ ዝናብ ከበረታም የፓርኩ ሠራተኞች የጫፉን መንገድ ይዘጉታል።

ያለ መሪ መውጣት አይፈቀድም። መሪዎቹ በአብዛኛው የዱሱን ብሔረሰብ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ተራራው የሙታኖቻቸው ነፍስ ማረፊያ ነው ብለው ያከብሩታል። በ2007 ግንቦት መጨረሻ አካባቢ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 5 ቀን 2015፣ በመጠን 6.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ዓለቱን ሲያወርደው ተራራው ላይ 18 ሰዎች ሞተዋል፤ ከመካከላቸው መሪዎችም ነበሩ። ስለዚህ መሪው «እንመለስ» ካለ አይከራከሩት።

መልስ፦ የዕፅዋት ተማሪ

እኅታችን ከታች በመቅረታቸው የሚያጡት ከጫፉ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው። ፓርኩ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በዕፅዋቱ ብዛት ነው። በዋናው መግቢያ ያለው የዕፅዋት አትክልት ስፍራ በዝግታ ለሚሄድ ሰው ይመቻል፤ ኦርኪዶችን፣ እንዲሁም ቅጠላቸው እንደ ማሰሮ ሆኖ ነፍሳት የሚያጠምዱትን ተክሎች ቀርበው ያያሉ። ፖሪንግ የሚባለው ፍልውሃም የፓርኩ አካል ነው፤ ለጉልበታቸውም ደግ ይሆንላቸዋል። በዚያ አካባቢ ራፍሌዢያ የተባለው ግዙፍ አበባ አብቦ ከተገኘ ሳይዘገዩ ይሂዱ፤ ከሳምንት በላይ አይቆይም።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጉዞውን ወደ መጋቢት አዛውሬ ሁለት ሌሊት ኩንዳሳንግ ላድር ወስኛለሁ፤ ባለቤቴም ፖሪንግን መርጣለች።

መልስ፦ ደባርቅ

እንግዲያውስ የፓናላባንን አልጋ አሁኑኑ ያስይዙ፤ በቀን የሚወጣው ሰው ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ መጋቢት ቶሎ ይሞላል። ሳባ የራሷ የኢሚግሬሽን ቁጥጥር ስላላት ከኩዋላ ላምፑር ቢነሡም ፓስፖርት ይጠየቃሉና የሁለታችሁንም ይያዙ።