የተመለሰብን የባቢሌ ኦቾሎኒ፦ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሊረዳን ይችላል?

የባቢሌ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰቦቼ ከሐረር በስተ ምሥራቅ በባቢሌ ወረዳ ኦቾሎኒ ያመርታሉ። ዘንድሮ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተባብረን 30 ኩንታል ያህል ለአንድ አቀነባባሪ ድርጅት አቅርበን ነበር፤ ድርጅቱ ግን አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ከተፈቀደው መጠን በላይ ተገኝቶበታል ብሎ ሁሉንም መለሰብን። የምርመራውን ውጤት በጽሑፍ እንዲሰጠን ብንለምንም ቁጥሩን ሊነግረን አልፈቀደም። አባቴ ከተመለሱት ጆንያዎች አንዱን ፈትቶ እፍኝ ሙሉ ፍሬ መዳፉ ላይ ከዘረጋ በኋላ «የተበላሸው የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ፍሬውን ባገላብጥ ባገላብጥ የማሳየው አንድም ነገር አላገኘሁም።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ቅርባችን ነው፤ የእርሻ ትምህርቱም የምግብ ሳይንሱም በአንድ ግቢ እንደሚገኝ አውቃለሁ። ናሙና ይዤ ብሄድ የሚረዳኝ አገኛለሁ? ወይስ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪ እንጂ ለገበሬ አልተቋቋመም? ለሚመጣው ምርት ምን ብናደርግ እንደሚሻልም የምታውቁ ብትነግሩኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የምግብ ምርመራ ባለሙያ

ወንድሜ፣ አባትዎ ምንም ባለማየታቸው አይገረሙ። አፍላቶክሲን በተለይ አስፐርጂለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ ሲሆን፣ ሻጋታው ለዓይን ሳይታይ መርዙ ፍሬው ውስጥ ሊኖር ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት እንዳለ ለሚበላ ኦቾሎኒ የሚፈቅደው በአንድ ኪሎ 4 ማይክሮግራም ብቻ ስለሆነ ጉዳዩ በዓይን የሚፈረድ አይደለም። በመቁላትም አይጠፋም። ዓለም ይህን መርዝ ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች በኦቾሎኒ ፋጉሎ ተመርዘው ባለቁ ጊዜ ነበር።

ናሙና ይዤ ልሂድ ወይ ላሉት፣ አዎን ይሂዱ፤ ነገር ግን እፍኝ ፍሬ በፌስታል ቋጥረው አይሂዱ። መርዙ በምርቱ ውስጥ እኩል ተበትኖ አይገኝም፤ ከብዙ ሺህ ፍሬ መካከል ጥቂቶቹ ብቻ ከፍተኛ መጠን ይዘው ሌላው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ጆንያ አፍ የተዘገነ እፍኝ ንጹሕ ነው ቢባልም፣ ተበክሏል ቢባልም ስለ 30 ኩንታሉ የሚናገረው ነገር የለም። ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ጥቂት ጥቂት እያወጡ በርከት ያለ ኪሎ አጠራቅመው፣ በደንብ ቀላቅለው ይውሰዱ። ከመሄድዎ በፊት ግን ደውለው የምርመራውን ዋጋና መመርመሪያው ኬሚካል መኖሩን ያረጋግጡ፤ የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ በዋናነት ለምርምር የተዘጋጀ ስለሆነ በየቀኑ ከውጭ ናሙና ላይቀበል ይችላል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልጠይቅዎ። ኦቾሎኒው የተፈለፈለው እንዴት ነው? በአካባቢያችን ቅርፊቱ እንዲለሰልስና ፍሬው እንዳይሰበር በማለት ከመፈልፈሉ በፊት ውኃ የመርጨት ልማድ አለ። ያ ውኃ በጆንያ ውስጥ ሲታመቅ ለሻጋታው ከዝናብ የበለጠ ይመቸዋል። ፍሬው እርጥበቱ ከ8 በመቶ በታች እስኪወርድ ከነቅርፊቱ በሸራ ላይ ይድረቅ፤ የጨማደደውና ቀለሙ የተለወጠው ተለቅሞ ይውጣ። የተለቀመውን ለላም አይስጡ፤ መርዙ ወደ ወተቱ ያልፋልና።

ጡረተኛ መምህር

ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ለገበሬ አልተቋቋመም ወይ ያልከው ነገር ልቤን ስለነካው እኔም የማውቀውን ልጨምር። የሐረማያ የቀድሞው የእርሻ ኮሌጅ የተመሠረተው በ1950ዎቹ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው። ትምህርቱ መጀመሪያ በጅማ ተጀምሮ በ1956 ወደ ሐረማያ ተዛወረ። የተቀረጸውም ማስተማር፣ መመራመርና የምርምሩን ፍሬ ለገበሬው ማድረስ የአንድ ተቋም ሥራ ይሁን በሚል ሐሳብ ነበር። በኋላ ግን ምርምሩን ለገበሬው የማድረሱ (የኤክስቴንሽኑ) ሥራ በ1963 ወደ እርሻ ሚኒስቴር ሄደ፤ በ1966 ደግሞ ብሔራዊ የእርሻ ምርምር ተቋም ለብቻው ተቋቋመ። ዛሬ አንተ የምትጠይቀው ጥያቄ ከማን ዘንድ መልስ እንደሚያገኝ ግራ የሚያጋባው፣ በእኔ እምነት፣ ያኔ ሦስቱ ሥራዎች ስለተለያዩ ነው።

ያም ሆኖ ትምህርትና ምርምር አብረው ሲኖሩ ምን እንደሚያፈሩ በዓይኔ አይቻለሁ። የደብረ ዘይት የምርምር ጣቢያ ለረጅም ጊዜ በዚሁ ኮሌጅ ሥር ነበር። የጤፍ አበባ እጅግ ጥቃቅን በመሆኑ ሁለት ዝርያ ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ይታመን ነበር፤ በ1974 ግን ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው በማለዳ ለአጭር ጊዜ ብቻ መሆኑን ደረሰበት። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ማታ በማጉያ መሣሪያ ሥር በቀጭን መርፌ የወንዴውን ክፍል እያወጡ፣ ከንጋቱ 12:45 ገደማ ጀምረው የሌላውን ጽጌ ብናኝ ማራገፍ ቻሉ። በ2006 የተለቀቀው ቁንጮ ጤፍ የዚህ ዘዴ ልጅ ነው፤ ምርታማነቱን ዱከም ከተባለው፣ ንጣቱን ማኛ ከተባለው ዝርያ ወርሷል። የ2009ን የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የተማሩት ሐረማያ ነው፤ የተሸለሙትም አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም በሚቋቋም ማሽላ ነው። ስለዚህ ወደዚያ ግቢ ስትገባ እንደ እንግዳ አትሸማቀቅ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛ

መምህር ያሉት እውነት ነው፤ ሆኖም ከገበሬው ጎን ቆሞ የሚታየውንም መናገር ግድ ይለኛል። እኔ በምሠራበት ቀበሌ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው ይመጣሉ፤ ገበሬው ሥራውን አቁሞ ይመልስላቸዋል፣ ናሙናም ይሰጣቸዋል። ከሄዱ በኋላ ግን የተመለሰልን ውጤት እስካሁን አላየሁም። ተማሪው ተመርቆ ጽሑፉ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ናሙናውን የሰጠው ሰው የራሱ ጎተራ ምን እንደተገኘበት ሳያውቅ ይኖራል።

ስለዚህ ምክሬ፣ የአንድ ጊዜ ምርመራ ጠይቀው ከመመለስ ይልቅ ሰላሳውን ኩንታል እንደ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ። ርእስ የሚፈልግ ተመራቂ ተማሪና አማካሪ መምህር ካገኙ፣ ከማሳ እስከ ጆንያ ያለውን ሂደት በእናንተው መንደር እንዲከታተሉ ይስማሙ፤ ውጤቱ በቃልም በጽሑፍም ለገበሬዎቹ እንዲመለስ ከመጀመሪያው ቃል ያስገቧቸው። ብክለቱ ከማሳው ጀምሮ ሊሆን ይችላልና፤ ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ዝናብ ሲቋረጥ ሻጋታው ገና ከመሬት ሳይወጣ ያገኘዋል። ይህን ከጆንያ ናሙና ብቻ መለየት አይቻልም።

የባቢሌ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ አባቴን ስለ ውኃው ጠየቅሁት። ዝም ብሎ ቆየና፣ ለመፈልፈል የመጡት ሠራተኞች ሲረጩ ማየቱን፣ እርሱም ከድሮ ጀምሮ የሚደረግ ስለሆነ ምንም አለማለቱን ነገረኝ። ጆንያዎቹም በማግስቱ ሳይናፈሱ ተሰፍተው ነበር።

የምግብ ምርመራ ባለሙያው እንዳሉት ከእያንዳንዱ ጆንያ ናሙና እያወጣን ነው፤ ሰኞ ለላብራቶሪው እደውላለሁ። ለሚመጣው ምርት ደግሞ ግማሹን በደረቁ፣ ግማሹን በለመድነው መንገድ ፈልፍለን በተለያዩ ጆንያዎች ለማስቀመጥ ከአባቴ ጋር ተስማምተናል፤ ሁለቱን የሚመረምርልን ተማሪ ከተገኘ ማሳውንም ቤታችንንም እንከፍትለታለን። ውጤቱን ሳገኝ እዚሁ እጽፋለሁ።